ያልተሰፋው የዕድር ድንኳን

ጠጋ በሉ፤ ባትጠጉም ከማውራት አልመለስም። አንድ ክረምት ተራራ የሚያጥብ ጎርፍ መጣና የድንኳን ሰፊውን የዘርጋውን የስፌት መኪና ይዞ ሄደ። ዘርጋው ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። ዝምታው ከብዶት የቤቱ ጣራ ጎብጧል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሚስቱ ባዩሽ ሲመርራት ጓዟን ቋጥራ ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። ልጃቸው ስንዱ የምትፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አባቷ እናቷን «አትሂጂ» እንዲላት።

ስንዱ ችግር የደረሰበትን ቤተሰብ ወደሚያወያዩት ወደ ቀበሌዋ ነርስ ሮጠች።

«ሲስተር የኔነሽ፣ አባቴን ያናግሩልኝ። ካላናገሩት እናቴን አትሂጂ አይላትም፤ ጓዙም ደጃፍ ላይ ነው።»

«እሺ የኔ ቆንጆ። ግን ከላይ የመጣልን መመሪያ ውይይቱ በአዳራሽ፣ በወንበር ተከቦ ይሁን ይላል። አዳራሹን አስለቅቂ።»

ስንዱ ወደ አዳራሹ ጠባቂ ሮጠች።

«እትዬ ሙናዬ፣ አዳራሹን ይልቀቁልን። ካልለቀቁ ሲስተር አባቴን አያናግሩም፣ ካላናገሩት እናቴን አትሂጂ አይላትም፤ ጓዙም ደጃፍ ላይ ነው።»

«የት ልትቀመጡ? የዕድሩ ድንኳን ሞልቶት አይጥ እንኳ የምትገባው ጎኗን አዙራ ነው። ሊቀመንበሩ ድንኳኑን ያንሳ፣ እለቃለሁ።»

ስንዱ ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር ሮጠች።

«ጋሽ ቢተው፣ ድንኳኑን ያንሱልን። ካላነሱ እትዬ ሙናዬ አዳራሹን አይለቁም፣ ካልለቀቁ ሲስተር አባቴን አያናግሩም፣ ካላናገሩት እናቴን አትሂጂ አይላትም፤ ጓዙም ደጃፍ ላይ ነው።»

«ጎርፉ ቦጫጭቆታል እኮ ልጄ። እንዲህ ሆኖ ለዓይን ካወጣሁት ዕድርተኛው ከወንበሬ ያወርደኛል። መጀመሪያ ይሰፋ።»

«ማን ይስፋው?»

ጋሽ ቢተው መሬት መሬት አዩ። «ያው... አባትሽ ነዋ።»

ስንዱ በጣቶቿ ቆጠረች። አባቷ ካልሰፋ ድንኳኑ አይነሳም፣ ድንኳኑ ካልተነሳ አዳራሹ አይለቀቅም፣ አዳራሹ ካልተለቀቀ ሲስተር አባቷን አያናግሩም፣ ካላናገሩት ደግሞ አይሰፋም። ሰማዩ ጠቁሯል። እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ጓዙን ብድግ ስታደርግ ከሩቅ ታየቻት።

«ድንኳኑ ራሱ ወደ አባቴ ይምጣ» አለች ስንዱ። «በጓሮ በኩል ነው፤ ማንም አያይም።»

ስምንት ሰው ተሸክሞት መጣ፤ እኔ ሰማንያ ነው የምለው። ድንኳኑ ቤቱን ሞልቶ ደጃፉን ደፈነ። ባዩሽ ጓዟን እንዳቀፈች መውጫ አጣች። ዘርጋው ቀዳዳውን አየና ትልቁን መርፌ ከግድግዳ ነቀለ። በእጅ ሲሰፋ አንዱ ይወጥራል፣ ሌላው ይወጋል። እሱ ግን ብቻውን ጎተተ፤ ሸራው ተንሸራተተ። ደግሞ ጎተተ፤ ደግሞ ተንሸራተተ። ባዩሽ ሸራውን ተረማምዳ ልታልፍ እግሯን አነሳች።

«አትሂጂ» አለ ዘርጋው። ድምፁ ዝጓል። «ጫፉን ወጥሪልኝ።»

ባዩሽ እግሯን መለሰች። «መኪናው ሲሄድ አንተም አብረህ የሄድክ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ጓዙን አስቀምጣ ጫፉን ወጠረች።

ድንኳኑ ተነስቷልና እትዬ ሙናዬ አዳራሹን ለቀቁ፤ አዳራሹ ተለቋልና ሲስተር ወንበር ደርድረው ሊጠሯቸው መጡ። አጮልቀው ቢያዩ ሦስቱም ሸራውን ከበው ያወራሉ።

«አዳራሹ እየጠበቀ ነው እኮ» አሉ እትዬ ሙናዬ ከኋላ።

«ይጠብቅ» አሉ ሲስተር፤ መመሪያውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው አንዱን ጫፍ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚያወያዩት እየቤቱ ገብተው፣ የተቀደደውን አብረው ይዘው ነው።

ጓዙስ ካላችሁ፣ ባዩሽ የቋጠረችበትን አንሶላ ፈትታ በትልቁ ቀዳዳ ላይ ጣፈችው። እኔም ክሬን እዚህ ላይ በጠስኩ።