አንዲት የምስር ጉርሻ

አንዲት ጉርሻ ነበረች፤ የሚጎርሳት ግን ጠፋ።

ጉርሻዋ የምስር ወጥ ናት። የጠቀለለቻት ትርንጎ ናት። እምቢ ያሉት አባቷ አቶ ወንድአፍራሽ ናቸው። ካምና ወዲህ ሥጋ ትተው ቅጠልና ጥራጥሬ ይበላሉ። አሁን ትኩሳት ይዟቸዋል፤ ኪኒናቸው ደግሞ በባዶ ሆድ አይዋጥም።

«አባባ፣ አንዴ ብቻ ይጉረሱ።»

«የጤና ጣቢያው ነርስ መስከረም ላይ ምስር ይብሉ አለችኝ፤ ጥቅምት ላይ ይተዉ አለችኝ። እሷ ካልፈቀደች አልጎርስም!»

ትርንጎ ወደ ነርሷ ሮጠች። «ሲስተር፣ አባቴ አልጎርስም አሉ፤ አንቺ ፍቀጂላቸው!»

«ዶክተሩ ካላዘዙ አልፈቅድም።»

ወደ ዶክተሩ ሮጠች። «ዶክተር፣ አባቴ አልጎርስም አሉ፤ ነርሷ አልፈቅድም አለች፤ እርስዎ ይዘዙ!»

«የከለከልኩት አንድ ጥናት አንብቤ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ወጥቷል። የሥነ ምግብ ባለሙያው ካልመከሩ አላዝም።»

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ወደ ባለሙያው ሮጠች። «ጋሼ፣ አባቴ አልጎርስም አሉ፤ ነርሷ አልፈቅድም አለች፤ ዶክተሩ አላዝም አሉ፤ እርስዎ ይምከሩ!»

ባለሙያው ሁለት መጽሐፍ ገለጡ። «ይኼ ብሉ ይላል፤ ያኛው አትብሉ ይላል። የደም ውጤት ካላየሁ አልመክርም።»

ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ደም መርማሪዋ እትዬ ደብሪቱ ጋዋናቸውን ሊያወልቁ ነው። «እትዬ፣ አባቴ አልጎርስም አሉ፤ ነርሷ አልፈቅድም አለች፤ ዶክተሩ አላዝም አሉ፤ ባለሙያው አልመክርም አሉ፤ እርስዎ ደማቸውን ይውሰዱ!»

«ምን በልተዋል?»

«ከትናንት ጀምሮ ምንም።»

«በትኩሳት ላይ እህል ሳይቀምሱ? ራሳቸውን ስተው ሊወድቁብኝ! ካልጎረሱ አልወስድም።»

ትርንጎ ከጉርሻዋ ተነስታ ተመልሳ ጉርሻዋ ላይ ደረሰች።

«ስሚ ልጄ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ «ለመሆኑ በሞቴ ብለሻቸዋል?»

«እኔ?»

«ታዲያ ዶክተሩ ይበልልሽ?»

ትርንጎ አቀረቀረች። ለአባቷ እንዲህ ማለት ታፍራለች።

ወደ ቤት ሮጠች። አባቷ አልጎርስም ብለዋል፤ ነርሷ አልፈቅድም ብላለች፤ ዶክተሩ አላዝም ብለዋል፤ ባለሙያው አልመክርም ብለዋል፤ እትዬ ደብሪቱ አልወስድም ብለዋል። ስትደርስ የአባቷ ዓይን ተከድኗል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጉርሻዋን አነሳች።

«አባባ… በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ዓይናቸው ተገለጠ። «አንቺ ልጅ! እንዲህ ተብሎማ እምቢ ይባላል?»

ጎረሱ። ኪኒኑም ተዋጠ።

በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ ደሙን ወሰዱ፤ ባለሙያው መከሩ፤ ዶክተሩ አዘዙ፤ ነርሷም እያለከለከች ደረሰች። «ምስር ተፈቅዷል!»

«ደርሰሽልኛል» አሉ አባት፣ ትኩሳቱ ለቋቸው ድስቱን እያሳዩ። የቀረችው አንዲት ጉርሻ ናት።

«ከእንግዲህስ ምን ሊበሉ ነው?» አለች ነርሷ።

«ቅጠሌንና ጥራጥሬዬን። ጎረቤት በሞቴ ብሎ እንቁላል ካጎረሰኝ ግን፣ እምቢ ብዬ ሰው ልግደል?»

ትርንጎ የድስቱን ጥግ በእንጀራ ጠርጋ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። «በሞቴ፣ ሲስተር!»

ነርሷም ማንንም ሳትጠይቅ ጎረሰች።