ኮት የሌለው ባሕር

በአንዲት የወደብ ከተማ፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ከሚፈጥረው ግፊት መብራት የሚያወጣ ማሽን የሠራ ትንሽ ድርጅት ነበር። ማሽኑ ውሃ ውስጥ እንዲገባ የቀረው የአንድ ኃላፊ ፊርማ ብቻ ነው። ድርጅቱም ምላሷ የማይመለስ አንዲት ተላላኪ ነበረችውና ፊርማውን እንድታስጨርስ ላካት። ወሩን ሙሉ የኃላፊው በር ላይ ከረመች።

በመጣች ቁጥር የኃላፊው ጸሐፊ በሩን ገርበብ ታደርግና ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት እያሳየች፣ «አሉ፤ ኮታቸው ይኸው፤ አሁን ይመለሳሉ» ትላታለች። ኮቱ አለ፤ ሰውዬው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ብርድ ብርድ ሲለው ኮቱን ሊወስድ ብቅ አለ። ተላላኪዋም በሩ ላይ ያዘችው። እሱ ግን አንድ እጁን እጅጌው ውስጥ እንደከተተ፣ ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይኼ ማሽናችሁ ባሕሩ ሞልቶ ሊመለስ ሲል ቀጥ ይላል አሉ። እኔ ሥራ ለሚፈታ ብረት አልፈርምም! አይቆምም ካልሽ እዚሁ ሰው ፊት አስረጂኝ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ከወደቡ አንሱልኝ።»

ጸሐፊዋ ከት ብላ ሳቀች። ባለጉዳዮቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ኧረ ይቆማል፣ ጌታዬ» አለች ተላላኪዋ።

«ታዲያ ምን ትነዘንዢኛለሽ?»

«ባሕሩ በሰዓቱ ስለሚመለስ ነዋ! ሲሄድም ሄደ ይባላል እንጂ፣ እንደ እርስዎ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ‹አለሁ› አይልም።»