የእመት ጃርት የታች ቤቶች

ጠጋ ጠጋ በሉማ ልጆች፤ አዋቂዎችም ካላችሁ ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚነጋገርበት በዚያ በድሮ ዘመን አንዲት ጃርት ነበረች። ጉድጓድ በመቆፈር የሚደርስባት ስላልነበረ አገሩ ሁሉ እመት ጃርት ይላት ነበር።

ኮረብታው የሁሉም ነበር። እመት ጃርት ቤት ልቆፍርበት ብላ ጉባኤውን ስትጠይቅ፣ ሽማግሌው አባ ኤሊ ውል አስገቧት። ለሚከፍሉ ቆፍራ ትስጥ፤ መክፈል ለማይችሉት ለጥንቸል፣ ለቆቅና ለእንቁራሪት ግን ሦስት ቤት ትጨምር። የአገሩ ልማድም እንዳይቀር፤ ቆፋሪው ዝናብ በጣለ ቀን ራሱ ካላደረበት ቤት አይባልም። እመት ጃርት እሺ አለች። ያን ቀን ከልቧ ነበር።

ከርከሮ መጣ፤ ዱባ አመጣ። በፀሐይ መውጫ በኩል ሰፊ ቤት ቆፈረችለት። ቀበሮ መጣ፤ ስኳር ድንች አመጣ። ከየት እንዳመጣው አልተጠየቀም፤ ለእሱም ሰፊ ቤት ቆፈረችለት። ሦስተኛውንና ከሁሉ የሚበልጠውን ለራሷ ቆፈረች። ከዚያ ቀና ብላ ብታይ የቀረው በቀላሉ የሚቆፈር ቦታ ከታች፣ ከጅረቱ አጠገብ ያለው ብቻ ነው።

ከርከሮም፣ "እመት ጃርት፣ ያቺ ጥንቸል በደጄ ልጆቿን እየጎተተች ስታልፍ ማየት አልፈልግም። በሯን በጓሮ አድርጊው" አላት።

በጓሮ አደረገችው። ቶሎ ለመገላገል ብላም ሦስቱንም የታች ቤቶች አጥብባ ቆፈረች።

ዝናብ ሲጥል ልማዱን ልትፈጽም ወረደች። በመጀመሪያው፣ በጥንቸል ቤት፣ ራሷ ገባ፣ ትከሻዋ ግን አልገባም አለ። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ወለሉ ላይ ተከለችና፣ "አንተ እደርልኝ" አለችው።

"እመት ጃርት፣ ከሥር ውሃ ይሰማኛል" አለ እሾሁ።

"አንተ ምን ታውቃለህ? ዝም ብለህ እደር።"

በሁለተኛው ቤት ሌላ እሾህ ተከለች። "እመት ጃርት፣ እግሬ ራሰ" አላት።

"ዝናብ ነው፤ ያልፋል።"

በሦስተኛው ቤት የተከለችው እሾህ ምንም አላለም። እሷም አልጠየቀችው።

በማግሥቱ አባ ኤሊ አደርሽበት ወይ ሲሏት፣ እሾሄ አድሮበታል፣ እሾሄ ደግሞ ገላዬ ነው አለች። እንቁራሪትም ቤቷ እንዴት እንደሚመች እየዘለለች መሰከረች። አባ ኤሊ ቤታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው የሚዞሩ ናቸውና የሌላው ቤት ነገር ብዙም አያስጨንቃቸውም። መርቀዋት ሄዱ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀዶ ዶፍ ወረደ። እመት ጃርት ከደረቀው ቤቷ ተቀምጣ ዱባዋን ስትቆረጥም በሩ ላይ ድምፅ ሰማች። ጥንቸል ናት። ልጆቿ ከሥሯ ተሸጉጠው ይንቀጠቀጣሉ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እመት ጃርት፣ በላይ በኩል እንዳልመጣ ተነግሮኝ ነበር" አለች። "የጓሮውን በር ውሃ ዘጋው። ትንሹ ልጄ ውስጥ ቀርቷል።"

ይቅርታ ማለቷ ነው እመት ጃርትን የወጋት። ዱባውን ጥላ ቁልቁል ሮጠች። ቆቅ ጫጩቶቿን ይዛ ቁጥቋጦ ሥር ቆማለች፤ ጅረቱ እስከ አፉ ሞልቷል። የጥንቸል በር አሁንም ያው ጠባብ ነው። ልጁ ከውስጥ ሲያለቅስ ይሰማታል፤ መግባት ግን አልቻለችም። በጥፍሯ ቧጠጠች፤ ጥፍሯ ተሰበረ። በትከሻዋ ገፋች፤ እሾሆቿ ከድንጋዩ ጋር እየተያያዙ ተነቀሉ። በመጨረሻ አፈሩ ተናደላትና ልጁን በጆሮው ይዛ አወጣችው። ይተነፍሳል።

ዝናቡ ሲያባራ አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ። አባ ኤሊ ቆመው፣ ነፍስ ያተረፈች ቆፋሪ አለችን እያሉ አመሰገኑ። ጥንቸል ጎንበስ ብላ የእመት ጃርትን ጉልበት ሳመች። እመት ጃርት ቢደበድቧት ይሻላት ነበር።

"አታመስግኑኝ" አለች መሬት መሬት እያየች። "አጥብቤ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

ጥንቸል ቀና አለች። "ውሃ እንደሚገባው ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጥንቸል ጉልበቷን ለቀቀች። አልተሳደበችም። ልጆቿን ሰብስባ በላይ በኩል፣ በከርከሮ ደጅ አልፋ እመት ጃርት ቤት ልትኖርበት ገባች። ከርከሮ ሊያጉረመርም አፉን ከፈተ፤ የሚደግፈው ሲያጣ ዘጋው። አባ ኤሊም ራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ሳቡ።

እመት ጃርት ያን ክረምት ለቆቅና ለራሷ ከላይ በኩል ጭንጫውን ስትቆፍር ከረመች። እንቁራሪት ብቻ ከታች አልነሳም አለች። ጥንቸል ባለፈች ባገደመች ቁጥር "እንዴት ዋልሽ እመት ጃርት?" ትላታለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ያቺን ሰላምታ በብርሃን ቆሞ መቀበል ለእመት ጃርት ከበዳት። ጃርት ፀሐይ እስክትጠልቅ ከጉድጓዷ የማትወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

እናም ልጆች፣ ለሌላው ቤት ስትሠሩ የገዛ ልጃችሁ ይተኛበታል ብላችሁ ሥሩ። እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ፤ የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ።