ዳለቻ የምትጠራው ስም

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ፋብሪካዋ ድሮ የተዘጋ አንድ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ሰዎቹ ዛሬም አሉ፤ መነጋገሩ ነው የቀረው። እኔ የማኅበሩ ወሬ አንባቢ ነኝ። ነገሩን የማቀርብላችሁ ዳኝነት ፍለጋ ነው እንጂ ላዝናናችሁ አይደለም። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም፤ በመሀል ብጮህ አትቀየሙኝ።

ኮምፒውተሯ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ስም የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው፤ አፍ አይሞላም። እኛ በቀለሟ ዳለቻ አልናት። «ዛሬ የሕፃን ስልክ እንኳ ይበልጣታል» እያለ ሰው ይስቅብናል። ይሳቅ! እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ፣ ከእንድሪስ ሬዲዮ መጠገኛ ጓሮ እንሰበሰብ ነበር። ከኮምቦልቻ የመጣ ጌም፣ ከወልድያ የተላከ የሒሳብ ፕሮግራም፣ መለዋወጫ የት እንደተገኘ የሚናገር ወሬ፣ ሁሉንም እንካፈላለን። ወሬውን እኔ አነባለሁ፤ ሶፍትዌሩን የእንድሪስ ዳለቻ ትገለብጣለች፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ራቅ ያሉት በቴሌግራም ይከታተሉናል።

ሁለት ደንብ ነበረን። አንደኛው፣ የተዋሱት ዲስክ ባዶውን አይመለስም። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ፣ የሰው ዲስክ የወሰደ አዲስ ነገር ጨምሮበት ይመልሳል። ሁለተኛው፣ የጠፋ ፕሮግራም ያዳነ ሰው ስሙ ፕሮግራሙ ላይ ይታተማል። ይህን ሁለተኛውን ያመጣው ንዴት ነው። አንድ ነጋዴ የኛን ሥራ የራሱ አስመስሎ ሲሸጥ ደረስንበትና፣ ደማችን ፈልቶ መገልበጫ ፕሮግራማችን ላይ ቁልፍ ሠራን። የዳነ ነገር ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት መገልበጫው «ማን አዳነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቦታው ለአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። አንዴ የገባ ስም አይፋቅም። ስም ካልተሰጠው ደግሞ አይጽፍም። በንዴት የሠራነው ቁልፍ አንድ ቀን በኛው ላይ እንደሚዘጋ ያኔ ማን አሰበ?

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ፤ የደሴ ሰው ግማሹ ሀ ሁ ያለው በሳቸው አፍ ነው። ባላቸው ጋሽ ይመር ፊደል ሳይቆጥሩ በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ ሰው ናቸው። እትዬን ያገቧቸው በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፉ ድምፃቸውን ሰምተው ነው። ታዲያ እትዬን የጉሮሮ በሽታ ያዛቸውና ሐኪም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ እንደማይኖራቸው ነገራቸው። ያን ጊዜ ወደኛ መጡ። ማይክ ፊት ተቀምጠው ከሀ እስከ ፖ እያንዳንዷን ፊደል ጠሩልን። እሳቸው ኪቦርድ ላይ የሚጽፉትን ዳለቻ በገዛ ድምፃቸው የምትናገርበት ፕሮግራም ሠራንላቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ከባላቸው ጋር የሚጨዋወቱት ቤታቸው ባስቀመጥንላቸው ዳለቻ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስማሉን። «ድምፄ እንደ ጌም አይባዛ» አሉ። አንዱ ባለጌ በሳቸው ድምፅ ስድብ እንዳያናግር ፈርተው ነው። እኛም ማልን። ያገኘነውን ሁሉ ስንገለብጥ የምንውል ሰዎች፣ ያችን ብቻ በአንዲት ዲስክ ተውናት።

ዳምጠው ፕሮግራም በመጻፍ ከመካከላችን የሚስተካከለው የለም፤ በጥድፊያም የሚስተካከለው የለም። የእትዬ ዲስክ አልነበብ እያለች ስታስቸግር፣ ላያት ብሎ ወሰዳት። ጠራረጋት፣ ደህና አደረጋት። ሊመልስ ሲል ደንቡ ትዝ አለው፤ ባዶውን አይመለስም። አዲስ የጻፈውን የገበጣ ጨዋታ ለእትዬ ስጦታ ብሎ ጫነበት። ጨዋታው ሲጫን አስቀድሞ ዲስኩን ያጸዳል። እንዲያጸዳ አድርጎ የጻፈው ደግሞ ማን ነው? ራሱ ዳምጠው! የገዛ እጁ የጻፈውን ረሳ! እትዬ ዲስኩን ከተው «እንደምን አደርክ» ብለው ሲጽፉ፣ ከዳለቻ የወጣው የገበጣ ጠጠር ኳኳታ ነበር።

«አስካለ፣ ምን ነካሽ?» አሉ ጋሽ ይመር።

እስቲ አስቡት። ሚስት መናገር አትችልም፣ ባል ማየት አይችልም፣ ፊደል በጣት መዳፉ ላይ ቢጽፉለት አያውቀውም። ስልክ ላይ የሚያነብ ነገር አለ እንዳትሉኝ። አለ፤ ልጃቸው አምጥታ ሞክራዋለች። ጋሽ ይመር የማያውቁትን ድምፅ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይቺ ቤቴ የገባችው ሴት ማናት? አስወጡልኝ!» አሉ። የቀረው ጠረጴዛ ማንኳኳት ነበር፤ አንዴ ለአዎ፣ ሁለቴ ለአይደለም። «ራበሽ?» ኳ። «አመመሽ?» ኳ ኳ። አንድ ቀን ጋሽ ይመር «ተቀይመሽኛል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቴ አንኳኩላቸው። አላመኑም። የሠላሳ ዓመት ትዳር በኳኳታ እንዴት ይታመናል? ክረምቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ እየደጋገሙ ከረሙ። ጎብኝቼ በወጣሁ ቁጥር የማገኘውን ሁሉ መደብደብ ያምረኝ ነበር።

አሁን ሦስቱ ያደረጉትን ስሙ።

መጀመሪያ ዘሃራ ተነሣች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ የእናቷን የመንዙማ ካሴት ይዛ መሀላችን ቆመች። «ሽፋኑ ነው እንጂ ውስጡ መንዙማ አይደለም። የእትዬ ድምፅ ነው» አለች። ሁላችን በማልንባት ሳምንት ተደብቃ፣ ዳለቻ በምታነበው ካሴት ላይ ገልብጣው ኖሯል! ፊደል ያስቆጠሯት እትዬ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲናፍቃት ልትሰማው ፈልጋ ነው። ጩኸቱ አይጣል ነበር። «መሐላ አፍራሽ!» አልናት፤ እዚያው ከማኅበሩ አስወጣናት። እሷም አልተኛችልንም፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማችሁም?» ብላን ወጣች። እንደምትባረር እያወቀች ነው የመጣችው። ይህ ይመዝገብላት። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ሽማግሎች ጠረጴዛ ሲደበድቡ ሲከርሙ፣ መድኃኒቱን በመንዙማ ሽፋን ውስጥ ይዛ ዝም ያለችውም እሷው ናት። ይህም ይመዝገብባት።

ቀጥሎ እንድሪስ። የካሴቱ ክር በእርጥበት ተጣብቆና ተጣምሞ በደህና ማሽን የሚነበብ አልነበረም። እንድሪስ አላንገራገረም። የራሱን ዳለቻ፣ የሟች ወንድሙን መታሰቢያ፣ ማኅበሩ የተመሠረተባትን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁላችን የምትገለብጠውን ዳለቻ፣ ብሎን በብሎን ፈታት። ካሴት የምታነብበትን፣ «ሄድ» የምትባለውን ብረት ለተጣመመው ክር እንድትስማማ በሞረድ ሞረዳት። ሞተሯን አውጥቶ ካሴቱን በጣቱ እያዞረ፣ በሽቦ ከእትዬ ዳለቻ ጋር አገናኝቶ አስነበበው። ካሴቱ ተነብቦ ሲያልቅ ተበጣጠሰ። የእንድሪስ ዳለቻም ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። «ማኅበሩን ሳትጠይቅ?» ብለን ጮህንበት። «ስብሰባ ስትጠሩ ካሴቱ ይበሰብስ ነበር!» አለን። እውነቱን ነው፤ ስብሰባችንን እናውቀዋለን። ነገር ግን የወልድያውና የኮምቦልቻው ሰው ያለ መገልበጫ የቀረው በዚያ ቀን ነው፤ ቅዳሜያችንም በዚያው ሞተ።

በመጨረሻ ዳምጠው። ካሴቱ ጫፉ ላይ ክፉኛ ተበልቶ ስለነበር፣ ከጠ ጀምሮ እስከ ፖ ያሉት ፊደሎች አልተገኙም። ጠ ከሌለች ጤና የለ፣ ፈ ከሌለች ፍቅር የለ። የራሱ የዳምጠው ስም እንኳ አይጠራም። ሁላችን እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ፣ ዳምጠው ማይኩን ይዞ እትዬ በር ሄደ። እትዬ ሲያዩት በሩን ዘጉበት። በሩ ሥር ተቀመጠ። ቢያባርሩት አልሄድ አለ፤ በመጨረሻ ጋሽ ይመር እየዳበሱ መጥተው ከፈቱለት።

«ያጠፉት ጣቶች ያንተ ናቸው?» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ገብተው ይሥሩ።»

ድምፅ የሌለው ሰው «ፍ» ማለት ይችላል፤ ከንፈርና ትንፋሽ ይበቃዋል። ምላስም ያለ ጉሮሮ ጥ ብላ ትመታለች። ዳምጠው የእትዬን የከንፈርና የምላስ ድምፅ ቀዳ፤ ከዳኑት ፊደሎች ደግሞ «ኧ»ን፣ «ኡ»ን፣ «ኢ»ን እየቆረጠ ከሥሩ ሰፋለት። አንዷን ፊደል ሠርቶ፣ ጋሽ ይመር «እሷ አይደለችም» ሲሉት አፍርሶ፣ እንደገና እየሠራ፣ «አሁን እሷ ናት» እስኪሉት ድረስ አልተነሣም። ከዚህ በላይ ሥራ አላየሁም። ነገር ግን ባያፈርስ ኖሮ ምን ይጠግን ነበር?

ፕሮግራሙ ተሟላና እትዬ ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ዳለቻ በዚያ በምናውቀው ድምፅ፣ «ይመር፣ አልተቀየምኩህም» አለች። ጋሽ ይመር እጃቸውን ዳለቻ ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

አላበቃም። ካሴቱ ተበጣጥሷል፤ ዲስክ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። ድምፁ ያለው በዳለቻ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከጠፋች አብሮ ይጠፋል። ዳምጠው ለመጻፍ ሲነካው መገልበጫው ያንን የኛን ጥያቄ አወጣ፤ «ማን አዳነው?» የእትዬ ፕሮግራም ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የታተመውን ጮክ ብሎ ያነባል። የሚገባው ስም በየማለዳው፣ እትዬ ለባላቸው «እንደምን አደርክ» ከማለታቸው በፊት፣ በእትዬ ድምፅ ይጠራል ማለት ነው።

ዳምጠው የራሱን ስም መጻፍ ጀመረ። እንድሪስ እጁን ያዘው። ዘሃራ ከበር ሆና ጮኸች።

«እኔ ባልሰርቅ ምን ታድኑ ነበር?» አለች ዘሃራ።

«ካሴትሽን በምን ልታነቢው ነበር? በጆሮሽ?» አላት እንድሪስ።

«ግማሽ ፊደል ይዘው ምን ሊሉ ነበር?» አለ ዳምጠው።

«አፍራሽ!» «ሌባ!» «ማኅበር ገዳይ!» ይህን ሁሉ የተባባሉት በሽማግሎቹ ፊት ነው። ወሬው ቴሌግራም ላይ ወጣና ኮምቦልቻ ለእንድሪስ፣ ወልድያ ለዳምጠው፣ የማኅበሩ ሴቶች ለዘሃራ ቆሙ። የእትዬን ዳለቻ አይተው የማያውቁ ሰዎች ጉዳዩን ይዘው ተዘላለፉ።

ምክር ሰጪውም በዛ። ማኅበሩ እንደ አንድ ሰው ይቆጠርና ስሙ ይግባ ያለ አለ። ማኅበሩ ምን አዳነ? ማኅበሩ ሲጮህ ነው የዋለው! ቁልፉ ይሰበር ያለም ነበር፤ ዳምጠው ቁልፉን ለመስበር ዳለቻ መጥፋት አለባት አለ። የውሸት ስም ጽፋችሁ ገላግሉን ሲባል፣ እትዬ ጽፈው ዳለቻ ተናገረች፤ «በኔ ድምፅ ውሸት አይነገርም።»

እንግዲያው እርስዎ ይፍረዱ አልናቸው። እትዬ ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩና ጻፉ። «ሦስታችሁም በድላችሁኛል፤ ሦስታችሁም አድናችሁኛል። እኔ ከፈረድኩ በየማለዳው አንዱን እየጠራሁ ሁለቱን አስቀይማለሁ። ፍርዱ ከሌላ ሰው ይምጣ። እስከዚያ ዳለቻን አላጠፋትም።»

አላጠፏትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደበራች ናት። የደሴ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ እንድሪስ ከሱቁ ያመጣው ባትሪ ሁለት ጊዜ አትርፏታል፤ ለሦስተኛው ዋስ የለውም። አሮጌ ማሽን ሳያርፍ ሲቆይ ይግላል። ጋሽ ይመር አሁን አጠገቧ ተቀምጠው መዳፋቸውን ከጀርባዋ አያነሡም፤ ትኩሳቷን እየለኩ ነው። ሚስታቸው የቀረውን ጨዋታ ሁሉ በጥድፊያ ይጽፉላቸዋል፤ ዳለቻ ትናገራለች፤ እሳቸው ይሰማሉ። ሦስቱ ጀግኖች ደግሞ ውጭ አጥር ሥር ቆመው ይጨቃጨቃሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለነዚህ ነው፤ አንድ ፊታቸው ላይ የሚነግራቸው ሰው ጠፋ እንጂ!

እናንተ ከማንም ያልወገናችሁ ናችሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። ሰርቃ ያተረፈችው ዘሃራ ናት? የሁላችንን ሰብሮ የአንዷን ያስነበበው እንድሪስ ነው? ወይስ አጥፍቶ የመለሰው ዳምጠው? ዛሬ ስመጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ፒያሳ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። ስለዚህ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ስሙ ለማን ይገባል?