በትልም የተለካው መሬት

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ ብላችሁም ዝም በሉ። የሚያንጎላጅ ካለ ከወዲሁ ይተኛ።

በድሮ ዘመን ቢያድግና ውዴ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። የሚኖሩት በሰው መሬት ነበርና ክረምት ሳይገባ በራሳቸው መሬት ላይ ጎጆ ሊቀልሱ ቆረጡ። ሀብታቸው ግን አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነበር። አያ ጓንጉል የሚባል ባለመሬትም፦ «ሁለቱን በሬ ስጡኝና መሬት ልስጣችሁ» አላቸው።

ከዚያም ቢያድግን ቤቱ ጠርቶ በዶሮ ወጥ አጠገበው። ወደ ጉብታ አወጣውና ዘንጉን በአየር ላይ አዞረ።

«ከዋርካው እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከዚያ ገደል አፋፍ፣ ሁሉም የእኔ ነው። ነገ በሬዎቹን አምጣና ተረከብ።»

ቢያድግ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገሠገሠና ለሚስቱ ነገራት።

ውዴም፦ «አዋሳኞቹን ጠየቅሃቸው?» አለችው።

ቢያድግ፦ «የሰውየውን ዶሮ በልቼ ‹ወሰንህን አስመስክር› ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ውዴ፦ «አንድ የዶሮ እግር በልተህ ሁለት በሬ ልታስበላን ነው። ነውሩን ለእኔ ተወው።»

በማግሥቱ አያ ጓንጉል ሊረከብ ቢወጣ በሬዎቹ ተጠምደው ቆመዋል።

አያ ጓንጉል፦ «ምነው ውዴ፣ በሬ ለማስረከብ ቀንበር ምን ያደርጋል?»

ውዴ፦ «ወሰኑን ልንዞረው ነው፣ አያ ጓንጉል። አዋሳኞቹን ያስጠሩልን።»

አያ ጓንጉል፦ «ሁሉም ገበያ ሄደዋል።»

ውዴ፦ «እንግዲያው የሚከለክለን የለም። ባሳዩን ዳር ዳሩን አንድ ትልም እናወጣለን።»

አያ ጓንጉል፦ «ኧረ ምሳ ቀርቧል። በሬዎቹም ይደክማሉ።»

ውዴ፦ «ቢደክሙ ገና የእርስዎ አይደሉም።»

ቢያድግ በሀፍረት አንገቱን ደፍቶ እርፉን ጨበጠና ከዋርካው ሥር ጀመረ። ማረሻው አፈር እንደገለበጠ የደብሩ ቄስ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ደረሱ።

ቄሱም፦ «የቤተ ክርስቲያን መሬት የሚያርስ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ።

ውዴ እጅ ነሥታ፦ «ይቅር ይበሉን አባቴ፣ ወሰንዎን ያሳዩን» አለች።

ቄሱ በመቋሚያቸው አሳዩ፤ ትልሙም ታጠፈ። ወደ ወንዙ ሲወርዱ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ማጭዳቸውን እንደያዙ ከሸምበቆው መካከል ብቅ አሉና፦ «ይህ የአባታችን መስኖ ነው» አሉ። ትልሙ እንደገና ታጠፈ። ወደ ገደሉ ሲወጡ እትዬ ስህን የተባሉ መበለት ከጓሯቸው በዱላ ወጡ።

«ይህን እሬት ለወሰን የተከልነው እኔና ሟቹ ባሌ ነን። ማረሻ ያሳለፈበት ሰው ጉድ ይፈላበታል።»

ውዴም ወደ አያ ጓንጉል ዞራ፦ «ገበያው ዛሬ በጊዜ ተበተነ» አለችው።

ትልሙ ዞሮ ሲገጥም ሁሉም አዩት። በውስጡ የቀረው በዘንግ ከታየው እኩሌታ ነበር። ነገር ግን አፈሩ ጥቁር፣ ለጎጆም የሚሆን ደልዳላ ነበረ። ቄሱም፦ «ጓንጉል፣ ይህ የአንተ ነው፤ እንመሰክራለን። ሌላውን ግን አታውቀውም» አሉ።

አያ ጓንጉል ጺሙን እያሻሸ፦ «እኔ እኮ ከጉብታው ላይ የሚታየውን ነው ያልሁት» አለ።

ውዴ፦ «የሚታየውን ሁሉ የሚሸጡ ከሆነ ሰማዩንም ይጨምሩልን።»

ወንድማማቾቹ ሳቁ፣ ቄሱም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያም ውዴ፦ «መሬቱ እኩሌታ ከሆነ ዋጋውም እኩሌታ ነው። አንዱን በሬ ይውሰዱ» አለች። በዚያ ሁሉ ምስክር ፊት አያ ጓንጉል አንዱን በሬ እየነዳ ሄደ።

ቢያድግ የቀረውን በሬ አየና አዘነ። «መሬቱ ተገኘ፤ በአንድ በሬ ግን እንዴት ይታረሳል?» አለ።

እትዬ ስህን ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና፦ «በእኔም ጋጣ ጓደኛው የሞተበት አንድ በሬ አለ፤ ሥራው መብላት ብቻ ነው። መቀናጆ እንሁን፤ አጣምረን የእናንተንም የእኔንም እንረስ» አሉ።

ቢያድግ፦ «የማን ማሳ ይቅደም፣ እትዬ?»

እትዬ ስህን፦ «የእናንተ ይቅደም። እኔ ወሰኑን እንዳትዘሉ ከእሬቱ ማዶ ቆሜ አያችኋለሁ።»

ዝናቡም መጣ፤ ሁለቱ በሬዎች አብረው አረሱ፤ ጎጆውም ክረምቱ ሳይበረታ ተከደነ።

እኔ ተረቴን በምስክር ፊት አስረክቤአለሁ። እናንተም ሳትከራከሩ ዳቦዬን ቁረሱና አጉርሱኝ።