የእስስት የራሱ ዜማ

ተረት ተረት ብትሉኝ፣ ተረቴ የሚጀምረው ከገደል አፋፍ ነው።

በዱር ጨዋታ ሁሉ አንበሳም ጅብም እየሆነ የሚተውን አንድ እስስት ነበር። አንበሳ ሲሆን ሚዳቋ ትበረግጋለች፤ ጅብ ሲሆን አህያ እግሬ አውጪኝ ትላለች። አንድ ቀን ግን መዝፈን አማረውና ክራሩን አንግቦ ወደ ገደል ማሚቶ ሄደ። በዚያ አገር አዲስ ዜማ የሚቀረጸው እሷ ዘንድ ነው፤ ከወደደችው እየደጋገመች ለአገር ታሰማለታለች፤ ካልወደደችው ዜማው ገደል ገብቶ ይቀራል።

እስስቱ በአንበሳ ድምፅ አዜመ።

«ይሄ የአያ አንበሶ ነው፤ ድሮም አለኝ» አለችው።

በጅብ ድምፅ ሞከረ።

«እሱንም ጅቡ ቀድሞሃል።»

«እመት ማሚቶ፣ ታዲያ እኔ ሌላ ምን ድምፅ አለኝ?» አለና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያም ሳይታወቀው ክራሩን እየነካካ፣ ልክ እንደ እርምጃው እየተወዛወዘ፣ በዚያች ቀጭን ድምፁ ለራሱ አንጎራጎረ።

ገደሉ ጸጥ አለ። እስስቱም «በቃ፣ ገደል ገባ» ብሎ ሊሄድ ተነሣ።

ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ስትደግም የኖረችው ማሚቶ ግን ጠራችው፦

«አያ እስስት፣ እስቲ ድገምልኝ።»

ተረቴን ገደሉ ይመልስ፤ አፌን ዳቦ ያብስ።