እምቢታዎን በጽሑፍ ያድርጉልኝ

ተረት ተረት! «የላም በረት» የምትሉ፣ ላሚቷን ለባለቤቷ ተዉለት። የእኔ ተረት ማኅተም ስለታሰረበት በረት ነው።

በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስሙን ብጠራ «በማን ፈቃድ ጠራኸው?» ስለምባል አልጠራውም፣ ወለላ ስርሞሎ የምትባል የሦስተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነበረች። አገሯ ጉራጌ ነው። የእናቷ ጓሮ እንሰት ታሞ ነበር። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሲቆርጡት ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። እናቷ እየደወሉ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ቅጠል ስትማሪ የዚህን ቅጠል መላ አልነገሩሽም?» ይሏታል። አልነገሯትም። ግቢው ስለ ቅጠል የሚያውቀው ለፈተና የሚበቃውን ያህል ነው።

ታዲያ አንድ የእንሰት ምርምር ማዕከል ከየትምህርት ዘርፉ፣ ከአፈሩም ከሕጉም ከታሪኩም፣ ተማሪ እየመረጠ ለስድስት ሳምንት ከተመራማሪ ጋር ያሠራል መባሉን ሰማችና አመለከተች። ተቀበሏት። «ሰኞ እንጀምራለን። ተማሪያችን ናት የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪ። ካለፈ ቦታሽን ለተጠባባቂ እንሰጣለን። ደግሞ ተመራማሪ ያየውንና የሰማውን ቀን፣ ሰዓትና ስም ጠቅሶ ይጽፋል፤ ደብተር ግዢና ከዛሬ ጀምሪ» አሏት። ደብተሩን ገዛች። ደብዳቤውስ ስንት መስመር መሰላችሁ? አራት!

ማክሰኞ ጠዋት አራቱን መስመር ይዛ ጸሐፊዋ ዘንድ ገባች። ወይዘሮ አሰገደች ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ ሴት ናቸው።

«እትዬ አሰገደች፣ ይቺን ማኅተም ቢመቱልኝ?»

«ማኅተሙማ ፊርማ ሳያይ አይመታም፣ የኔ ልጅ።»

«እምቢ ያለው ማኅተሙ ነው ወይስ እርስዎ?»

«ማኅተሙ ነው» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ወለላ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፣ ወይዘሮ አሰገደች። ፊርማ ከሌለ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ ወለላ አትሄድም፤ ወለላ ካልሄደች የእናቷ እንሰት አይድንም።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ዶክተር ኃይለልዑል በራቸው ላይ «ቅድሚያ ለተማሪ!» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ከወረቀቱ ሥር ሁለት ሰዓት ቆመች። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች፤ በመጨረሻ ስትገባ ግን ሲሰበሰቡ የቆዩት ከስልካቸው ጋር ኖሯል።

«እኔ ብቻዬን ብፈርም ነገ ማን ይጠየቃል? ኮሚቴው ይይና ቃለ ጉባኤ ይጻፍበት» አሏት።

«ዶክተር፣ ተማሪዎ መሆኔን እኮ ያውቃሉ። ባለፈው ሴሚስተር እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«እኔ አውቃለሁ፤ ቢሮው ግን አያውቅም።»

ጉድ በሉ! ወለላ ይህንንም ጻፈች። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ኃላፊው አይፈርሙም፤ ኃላፊው ካልፈረሙ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ ወለላ አትሄድም፤ ወለላ ካልሄደች የእናቷ እንሰት አይድንም።

ረቡዕ የኮሚቴውን ሰብሳቢ አገኘች። ኮሚቴው ከአምስት ሙያ የተውጣጣ ነው፤ አምስት ምሁር ተሰብስቦ አንድ ሥራ የማይወጣው ማለት ነው። ሰብሳቢው መምህር ጌጡ የስታቲስቲክስ ሰው ናቸው።

«አራታችን አለን» አሏት። «አራት ከአምስት ሰማንያ በመቶ ነው።»

«ታዲያ አይበቃም?»

«ለስታቲስቲክስ ይበቃል፤ ለኮሚቴ አይበቃም። የሕግ መምህሩ ይምጣ።»

ኮሚቴው ካልሞላ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም፤ ቃለ ጉባኤ ከሌለ ኃላፊው አይፈርሙም፤ ኃላፊው ካልፈረሙ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ካልተመታ ወለላ አትሄድም፤ ወለላ ካልሄደች የእናቷ እንሰት አይድንም።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ደወሉ። «ትናንት ማታ ከጓዳ በር አጠገብ ያለውም ወደቀ። አባትሽ የተከለው» አሉ። ወለላ ምን ትበል? «ኮሚቴው አልሞላም» ትበላቸው?

የሕግ መምህሩ አቶ ልሳነወርቅ መምህራን ክበብ ተቀምጠው ማኪያቶ ይጠጣሉ። የስብሰባው ክፍል ከተቀመጡበት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

«በአፍ ተጠርቼ ብሄድ በሕግ ፊት እንዳልተጠራሁ ነው» አሏት። «ወጪ ቁጥር ያለው የጥሪ ደብዳቤ ይድረሰኝ።»

«መምህር፣ ክፍሉ እኮ ያው፣ ከዚህ ይታያል።»

«መታየቱ ሕጋዊ አያደርገውም» ብለው አረፋውን በማንኪያ ላሱ። ላለመሄድ የፈለገ ሰው የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ይላል፤ የእሳቸው መቀነት ደብዳቤ ሆነ።

መምህር ጌጡ የጥሪውን ደብዳቤ ጻፉ፤ የቀረው ቁጥሩ ነው። ዓርብ ጠዋት ወለላ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። ጋሽ ዱባለ በዚያ ምድር ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለደብዳቤ ቁጥር ሲሰጡ ኖረዋል፤ አንዱንም አንብበውት አያውቁም።

«ማኅተም የለውም» ብለው መለሱላት።

ማኅተም! እየሮጠች ወደ እትዬ አሰገደች ወጣች። «ያለ ኃላፊው ፊርማ?» አሏት። ወደ ኃላፊው ሮጠች። «ያለ ቃለ ጉባኤ?» አሏት። ደረጃውን ወርዳ ተመልሳ ጋሽ ዱባለ ፊት ስትቆም ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ ነገሩም ዞሮ ጭራውን ነክሷል። ማኅተም ከሌለ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር ካልተሰጠ ጥሪው አይደርስም፤ ጥሪው ካልደረሰ የሕግ መምህሩ አይመጡም፤ የሕግ መምህሩ ካልመጡ ኮሚቴው አይሞላም፤ ኮሚቴው ካልሞላ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም፤ ቃለ ጉባኤ ከሌለ ኃላፊው አይፈርሙም፤ ኃላፊው ካልፈረሙ ማኅተም አይመታም፤ ማኅተም ከሌለ ደግሞ ቁጥር አይሰጥም! በመካከሉ እንሰቱ ይወድቃል፤ እንሰት ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅም።

ወለላ እንባዋ መጣ። ደግሞም ተናደደች። ግን የለመደ እጇ ደብተሯን ከፈተና መጻፍ ጀመረ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አሉ ጋሽ ዱባለ።

«ያሉኝን ነዋ። ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሙሉ ስምዎ ማን ነበር፣ ጋሼ?»

«ስሜ ምን ያደርግልሻል?»

ወለላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችው። ማክሰኞም አለ፣ ረቡዕም አለ፣ ሐሙስም አለ። ስምም ሰዓትም አለ። አንድ ነገር ብቻ የለም፦ እምቢ ካሉት ውስጥ እምቢታውን የፈረመበት ሰው።

«እንግዲያውስ፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እምቢታዎን በጽሑፍ ያድርጉልኝ። ለማዕከሉ እልከዋለሁ።»

ጋሽ ዱባለ መነጽራቸውን አወለቁ። እንግዲህ ልንገራችሁ፤ በዚያ ግቢ በቃል እምቢ የማይል ሰው የለም፤ ዘበኛው ይላል፣ ኃላፊው ይላል፣ በሩም ይላል። በጽሑፍ እምቢ ያለ ግን ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም አልተገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅማ! ደግሞ እምቢታውም ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ከሆነ ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥር ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተም ፊርማ ይፈልጋል። ሽማግሌው በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው በር ላይ ተሰለፉ። ላባቸው መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አታክርሪ» አሉ። «ቁጥር ነው የፈለግሽው? ቁጥር ምን ችግር አለው!» ብለው ጻፉላት።

ቁጥሩ ሲሰጥ ጥሪው ደረሰ። አቶ ልሳነወርቅ «ጊዜ የለኝም» ሊሉ ሲሉ፣ «በጽሑፍ ያድርጉልኝ» አለቻቸው፤ ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። እሳቸው ሲመጡ ኮሚቴው ሞላ። ኮሚቴው ሲሞላ፣ ሦስት ቀን መሰብሰብ ያቃተው ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ኃላፊው ፈረሙ፤ «እኔ ከመጀመሪያውም ደግፌሻለሁ» አሉ፣ ሹመት ያዳብርልዎ! ኃላፊው ሲፈርሙ ቁልፉ ከእትዬ አሰገደች አንገት ወረደ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ማኅተሙም ጧ! አለ። ወለላ አራቱን መስመር በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ስትልከው ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማዕከሉ ማሳ ውስጥ አንዲት ተመራማሪ ለወለላ ቢላዋ ሰጠቻት። አንድ የታመመ እንሰት አስቆረጠቻት። ወለላ ወደ ሁለተኛው ልታልፍ ስትል እጇን ያዘቻት።

«ቆይ! መጀመሪያ ቢላዋውን እሳት አስነኪው። በሽታው በብዛት የሚተላለፈው እኮ በዚህ ነው፤ የታመመውን የቆረጥሽበትን ቢላዋ ለደኅናው ስታቀብዪው።»

ወለላ እዚያው ማሳው መካከል ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«እማ፣ የታመመውን በምንድን ነው የምትቆርጪው?»

«በቢላዋዬ ነዋ። ያው በአንዱ።»

«ደኅናውንስ?»

«በዚያው።»

«ከዛሬ ጀምሮ በአንዱ ቆርጠሽ ወደ ሌላው ከመሄድሽ በፊት እሳት አስነኪው። የታመመውን ነቅለሽ ቅበሪው። የቆመው ይተርፍ ይሆናል።»

ከእናቷ በስተኋላ ዶሮ ይጮሃል።

«ወለላ» አሉ እናቷ፣ «ይቺኑ ለመስማት ነው ማኅተም የተጠበቀው?»

ተረቴን መልሱ፤ ማኅተሙን ግን ወደ መሳቢያው አትመልሱ።